ነፋሱ ሳይለካ መዘውሩ አይተከል

ዛሬ እሑድ ነው። ይህ ገጽ በአንባቢ እጅ በገባበት ሰዓት የሰንበቴ ገበያ ሞልቶ ይሆናል። ከቆላ የመጣው አፋር ፍየሉንና ግመሉን፥ ከደጋ የወረደው አማራ ባቄላውንና ገብሱን፥ ኦሮሞውና አርጎባው ማሽላውንና ቅቤውን ይዞ የሚገናኝበት ይህ ገበያ ዝናው የቆየ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በጨውና በበርበሬ ተራ አጠገብ አንድ አዲስ ዕቃ ተደርድሮ ይታያል። ይኸውም ሰማያዊ መስተዋት የሚመስለው፥ ሕዝቡ ባጭሩ «ሶላር» የሚለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነው።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ከሚሴ በሄድሁ ጊዜ በዚሁ ገበያ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰሌዳውን እያገላበጡ አይተው ሳይገዙ ሲመልሱት ተመለከትሁ። «አባቴ፥ አልወደዱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ መውደዱንስ ወድጄው ነበር» አሉኝ። «እንዲህ ያለውን ከሦስት ዓመት በፊት ገዝቼ፥ ዓመት ሳይሞላው ባትሪው ሞተ። አሁን ሰሌዳው ለጫጩት ጥላ ሆኗል።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። መብራቱ ወደ እኛ የሚመጣው ከየት ነው? ከከተማ በሽቦ ነው? ከፀሐይ ነው? ወይስ ያ ናዝሬት አጠገብ በተራራው ላይ ይዞራል የሚሉት የነፋስ መዘውር ለእኛም ይተከልልናል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚያን ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ ለራሴም አላረካኝም። የዛሬው ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በአጠገቧ ተዘርግቷል። በስተ ምዕራብ የደጋው ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እንደ ከሚሴና እንደ ባቲ ያሉት ከተሞች ከአገሪቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው። ከአውራው ጎዳና ተገንጥሎ በእግር የሚኬድበት የገጠር መንደር ግን ሌላ ነው። በዚያ ተማሪው በኩራዝ ወይም በእጅ ባትሪ ያጠናል፤ እናት እህሏን በናፍጣ ወደሚሠራ ወፍጮ ተሸክማ ትሄዳለች፤ የክትባት መድኃኒትም ያለ ማቀዝቀዣ አይቀመጥም።

መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም አውጥቶ በ2011 ዓ.ም. አሻሽሎት ነበር። የተሻሻለው ዕቅድ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መብራት ለሁሉ እንዲዳረስ፥ ከሕዝቡም ከመቶ 65ቱ በዋናው መስመር፥ 35ቱ ደግሞ ከመስመሩ ውጭ በየአካባቢው በሚመነጭ ኃይል እንዲጠቀም የሚያስብ ነበር። የቀጠሮው ዓመት ደርሶ አልፏል፤ ብዙ መንደር ግን አሁንም ጨለማ ነው። በሌላ በኩል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። እንግዲህ የአገራችን ችግር ኃይል የማመንጨት ብቻ ሳይሆን የማድረስም ችግር ሆኗል። አንድ መንደር በገደልና በሸለቆ ማዶ ሲሆን፥ ለጥቂት ቤቶች ሲባል ምሰሶ ማቆምና ሽቦ መዘርጋት ከሚያስገኘው ገቢ ይልቅ ወጪው ይበልጣል። ያ መንደር እዚያው ያለውን ፀሐይና ነፋስ ቢጠቀም የተሻለ ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ስለ ነፋስ ለገበሬ ማስተማር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ገበሬ የወቃውን እህል በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው ገለባውን ነፋስ ይወስድለታል፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል። ነፋስ ሥራ የሚሠራ ጉልበት እንዳለው ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የነፋስ መዘውርም ይህንኑ ጉልበት ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመዘውሩ ክንፎች እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተቀረጹ ናቸው። ነፋሱ በክንፉ በአንዱ ወገን ፈጥኖ፥ በሌላው ወገን ዘግየት ብሎ ሲያልፍ በሁለቱ ወገን የሚኖረው ግፊት ይለያያል፤ ክንፉም ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ይሳባል። ሦስቱ ክንፎች በአንድ እምብርት ላይ ስለ ታሰሩ መሳቡ መሽከርከር ይሆናል። እምብርቱ ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉም ጄኔሬተሩን። በጄኔሬተሩ ውስጥ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የብስክሌት ዲናሞ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በትንሹ አይቶታል፤ ልዩነቱ የሰውን እግር ነፋስ መተካቱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሲደርብ በክንፎቹ መካከል በየሰከንዱ የሚያልፈው አየር እጥፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ኪሎ አየር የሚሸከመው ጉልበት ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ አራት ስምንት ነው። በምሳሌ እንየው። ክንፎቹ ሲዞሩ 5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ የሚሠሩ አንድ ትንሽ መዘውር እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ሲሄድ በዚያ ክብ ውስጥ የሚያልፈው ጉልበት 630 ዋት ያህል ነው። ከዚህም መዘውሩ አንድ ሦስተኛውን ቢይዝ 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ቢሄድ ግን ያው መዘውር ከ1,600 ዋት በላይ ይሰጣል። ዕቃው አንድ ነው፤ ዋጋው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተተከለበት ስፍራ ነው።

ነፋሱን ሙሉ በሙሉ መያዝ የሚችል መሣሪያም የለም። አልበርት ቤትስ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስረዳው፥ ማናቸውም መዘውር ከነፋሱ ጉልበት ከመቶ 59 እጅ በላይ ሊወስድ አይችልም። ጉልበቱን ሁሉ ቢወስድ አየሩ ከመዘውሩ ኋላ ቆሞ ይቀርና ለሚመጣው ነፋስ መንገድ ይዘጋበታል። እኛ በምንኖርበት ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በከሚሴ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 15 እጅ በላይ ይቀልላል፤ በዚያው መጠን ጉልበቱም ይቀንሳል። በተጨማሪም መዘውር ነፋሱ በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ካልደረሰ ሥራ አይጀምርም፤ ትልቁ ዓይነት ደግሞ 25 ሜትር ገደማ ሲደርስ እንዳይሰበር ራሱን ያቆማል። ከመሬት አጠገብ ዛፉ፥ ቤቱና ኮረብታው ነፋሱን ስለሚያዳክሙት ምሰሶው ረጅም መሆን አለበት። በጣራ ላይ የሚተከል ትንሽ መዘውር እናመጣላችኋለን የሚል ነጋዴ ቢመጣ ይህን አስታውሶ መጠየቅ ይጠቅማል።

ሽማግሌው ናዝሬት አጠገብ አለ ያሉት ነገር እውነት ነው። በአዳማ 34 መዘውሮች ያሉት፥ 51 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2006 ዓ.ም. በመቀሌ አጠገብ 84 መዘውሮች ያሉት የአሸጎዳ ጣቢያ በ120 ሜጋዋት ዐቅም ተመረቀ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ሁለተኛው ጣቢያ 102 መዘውሮችና 153 ሜጋዋት ይዞ ተጨመረ። የእነዚህ ጣቢያዎች ጥቅም በቁጥራቸው ብቻ የሚለካ አይደለም። አገራችን ኤሌክትሪክ በብዛት የምታገኘው ከውሃ ነው፤ ግድቡ የሚሞላው በክረምት ሲሆን በበጋ ይጎድላል። ነፋሱ ግን በእነዚህ ስፍራዎች የሚበረታው በበጋ ነው። ውሃው ሲደክም ነፋሱ ይረዳዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአዳማው መዘውር የሽማግሌውን ቤት አያበራም። እርሱ የሚያመነጨው ወደ ዋናው መስመር ገብቶ መስመሩ ወደ ደረሰበት ይሄዳል። መስመር ላልደረሰበት መንደር የሚስማማው ቅይጥ የሚባለው ዘዴ ነው። ይህም አዲስ አሳብ ሊመስለን አይገባም። የከሚሴ ቆላ ገበሬ ማሽላም ማሾም ይዘራል፤ ዝናቡ ለአንዱ ባይሆን ለሌላው ይሆናል ብሎ ነው። ቅይጥ ኃይልም እንደዚሁ ነው። ቀን ፀሐይ ይሠራል፤ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ፥ ሌሊትም ቢሆን ይሠራል፤ የተረፈው በባትሪ ይጠራቀማል፤ በክረምት ደመናው ከብዶ ነፋሱም በሰነፈ ጊዜ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ክፍተቱን ይሞላል። አንድ ሊትር ናፍጣ በደህናው ጊዜ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በዋጋው ውድነት የተነሣ ሞተሩ እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ዋና ሠራተኛ አይታይም።

በእነዚህ መካከል ሆኖ የሚያስተዳድር መቆጣጠሪያ አለ። ባትሪው ሲሞላ መሙላቱን ያቆማል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መብራቱን ያቋርጣል። መዘውሩ ሸክም ከሌለው ከልክ በላይ ፈጥኖ ራሱን ስለሚሰብር ትርፉን ኃይል ወደ ማሞቂያ ሽቦ ይመልሰዋል፤ ወይም ክንፎቹን በፍሬን ይይዛል። ኢንቨርተር የሚባለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ የባትሪውን ኤሌክትሪክ በከተማ እንደምናውቀው ባለ 220 ቮልት ያደርገዋል። የሽማግሌው ባትሪ የሞተበትም ምክንያት ከዚህ ይገኛል። ጠይቄ እንደተረዳሁት ከሰሌዳው ጋር የተሸጠላቸው የመኪና ባትሪ ነበር፤ መቆጣጠሪያም አልተሰጣቸውም። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአንድ አፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ማታ ማታ እስኪያልቅ ቢሟጠጥ ዕድሜው ያጥራል። ሰሌዳው ግን ዛሬም ጤነኛ ነው። ከጫጩቶቹ ላይ ተነሥቶ፥ ታጥቦ፥ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ተደርጎ ቢቀመጥና ተገቢው ባትሪ ቢገኝለት ገና ብዙ ዓመት ያበራል።

ሁለት መቶ ቤቶች ያሉበትን መንደር እናስብ። እያንዳንዱ ቤት አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ቢያበራ፥ ሬዲዮና ስልክም ቢጨምር፥ በቀን 150 ዋት ሰዓት ይበቃዋል። የመንደሩ ሁሉ ድምር 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ 7.5 ኪሎዋት የሚወስድ የወፍጮ ሞተር በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ቢሠራ 22.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ወፍጮ ከመንደሩ አምፖሎች ሁሉ ድርሻ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ብልሃቱ ታዲያ ወፍጮውንና የውሃ ፓምፑን ፀሐይ በጠነከረበት ሰዓት ማሠራት ነው። ያን ጊዜ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሥራ ይገባል፤ ባትሪ አያስፈልገውም። ባትሪ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ቶሎ የሚያረጀውና ደጋግሞ ገንዘብ የሚጠይቀው ነውና፥ እርሱን ለሌሊት መብራትና ለክትባት ማቀዝቀዣ መቆጠብ ትልቅ ቁጠባ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ለድሃ ገጠር አይሆንም የሚል ሰው የአስኮቭን ታሪክ ይስማ። በ1891 (እ.ኤ.አ.) ፖል ላ ኩር የተባለ የዴንማርክ መምህር፥ አስኮቭ በምትባል የገጠር መንደር በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የነፋስ መዘውር ተክሎ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ጀመር። አሳቡ ኤሌክትሪክ የከተማ ሰው ብቻ ሀብት እንዳይሆን ነበር። ኋላም መንደሮች በነፋስ መዘውር፥ በባትሪና በመጠባበቂያ ሞተር ተያይዞ የሚሠራ ጣቢያ አቋቋሙ። ዛሬ ቅይጥ የምንለው ይኸው ነው። ነገር ግን ላ ኩር መዘውር በመትከል ብቻ አላበቃም፤ የገጠር ወጣቶችን ሰብስቦ የኤሌክትሪክ ሙያ አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዮሐንስ ዩል፥ በ1957 (እ.ኤ.አ.) በጌድሰር 200 ኪሎዋት የሚያመነጭ ባለ ሦስት ክንፍ መዘውር ሠራ፤ የዛሬዎቹም የዴንማርክ መዘውሮች ከእርሱ ብዙ ወርሰዋል። አገሪቱን በዚህ ሙያ ያስጠራት የነፋሷ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሠለጠኑት የገጠር ልጆችም ናቸው።

በእኛም አገር የተማረ ሰው አላንቀላፋም። ጌታቸው በቀለ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በስቶክሆልም ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት ለ200 ቤተሰብ የሚሆን የፀሐይና የነፋስ ቅይጥ ኃይል በኢትዮጵያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል መርምሯል። ከፕሮፌሰር ቢዮርን ፓልም ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ፥ በመቀሌ፥ በናዝሬትና በደብረ ዘይት ያለውን የነፋስ ልኬት ሲመረምር፥ በ10 ሜትር ከፍታ በሦስቱ ስፍራዎች አማካዩ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በአራተኛው ግን ከ3 ሜትር በታች ነበር። ከላይ ያየነውን የስምንት እጥፍ ሕግ ያስታወሰ ሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ነፋስ እንደ ዝናብ ወረዳ ሙሉ አይዘንብም፤ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ይለያያል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለከሚሴና ለአካባቢዋ የነፋስ መዘውር ይተከል ብሎ አይጮህም። የሚለው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ይለካ። የፀሐይ ሰሌዳ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ዋጋውም ባለፉት ዓመታት በጣም ወርዷል። ትንሽ መዘውር ግን ዘይት፥ ብሎን ማጥበቅና ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ይፈልጋል። ነፋሱ ደካማ በሆነበት ስፍራ ገንዘቡን በሰሌዳና በባትሪ ላይ ማዋል ይሻላል፤ ነፋሱ በረታ በሆነበት ሸንተረር ላይ ደግሞ መዘውሩ የሌሊቱን ባትሪ ያቀልላል። ይህን የሚፈርደው ግምት ወይም የሻጭ አንደበት ሳይሆን በምሰሶ ጫፍ ላይ ታስሮ ዓመት ሙሉ፥ በጋውንም ክረምቱንም የሚመዘግብ መለኪያ ነው። መለኪያው ከመዘውሩ እጅግ ይረክሳል። በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቅርብ አለ፤ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጥናታቸው ከአርጡማ ፉርሲ፥ ከጂሌ ጥሙጋ፥ ከደዋ ጨፋ፥ ከደዌ ሐረዋና ከባቲ አንዳንድ ሸንተረር ተረክበው ቢለኩ አገርም ይጠቀማል፤ እነርሱም ከወረቀት የወጣ ሙያ ይማራሉ።

ሁለተኛው ነገር ጠባቂ ነው። በገጠራችን ተተክሎ፥ ተመርቆ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶለት፥ በዓመቱ የቆመ የውሃ ፓምፕ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊውዝ የሚቀይር ሰው ባለመኖሩ ብቻ ስንት ዕቃ ዝጎ ቀረ! መንደሩ ከራሱ ልጆች ሁለት ወይም ሦስት፥ ወንድም ሴትም፥ መርጦ ይላክ፤ የሙያ ትምህርት ቤቶች ያሠልጥኗቸው። የመሣሪያው መመሪያም የሚያነቡት ሰዎች በሚናገሩት በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ። በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ከካርቶኑ አይለይም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። መብራት በነፃ የተሰጠበት መንደር ባትሪው ባረጀ ጊዜ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። እያንዳንዱ ቤት ለኩራዝና ለደረቅ ድንጋይ ያወጣ ከነበረው ላይ ጥቂት ጥቂት በየወሩ ቢያዋጣ፥ የባትሪው መተኪያ በጊዜው ይገኛል። ዕድርንና ዕቁብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን የሚያስተምረው አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሒሳቡን በግልጽ የሚያሳየውና ሥልጣኑን የማይነጥቀው ባለሥልጣን ነው።

ከሽማግሌው ጋር ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ጠይቄአቸው ነበር። «አባቴ፥ አውድማዎን የት ነው የሚያዘጋጁት?» አልኋቸው። ወደ አንድ ጉብታ በከዘራቸው አመለከቱኝና «እዚያ ነዋ! አባቴም አያቴም እዚያው ነው ያበራዩት። ከታች ያለው ጓሮዬ ይሰፋል፤ ነገር ግን ነፋስ የለውም፤ ገለባው ከፍሬው አይለይም» አሉኝ።

እኔ በአራት ዓመት ትምህርት በቁጥር የተማርሁትን እርሳቸው በእግራቸው ያውቁታል። መለኪያውን ተሸክሞ ወደዚያ አገር የሚሄደው ወጣት መሐንዲስ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ አውድማቸው የት እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያም መለኪያውን እዚያ ላይ ያቁም፤ ዓመቱንም በትዕግሥት ይጠብቅ። መዘውሩ ቢገባው ይተከል፤ ባይገባው ፀሐዩ አለ። ያልተለካ ተስፋ ግን ለዚያ ሕዝብ አንድ ተጨማሪ የጫጩት ጥላ ብቻ ነው የሚሆነው።